የእርሻንና የንግድን ምስጢር ስለ መጠበቅ

ለአገር ገዢዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች።

ምስጢር የሚሰረቀው ሌሊት ግድግዳ በሚሰረስር ሌባ ብቻ ይመስለናል። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ቀን በበር ገብቶ፥ እጅ ነስቶ፥ ደብዳቤ አሳይቶ የሚጠይቅ ሰው ነው። የጅጋ ወይም የፍኖተ ሰላም የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ፥ በመጋዘኑ ስንት ኩንታል በቆሎ እንዳለና ገዢው በስንት ብር እንደ ተዋዋለ ለአንድ ደላላ በጨዋታ ቢነግረው፥ ደላላው ለማግሥቱ ገበያ ዋጋውን ለመስበር ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም።

በሌላው ዓለምም እንዲሁ ሆኗል። በ1868 ዓ.ም. ዊካም የሚባል እንግሊዛዊ 70000 ያህል የጎማ ዛፍ ፍሬ ከብራዚል ወደ ሎንዶን አሻገረ፤ ከዚያ የበቀለው ችግኝ በሴሎንና በማላያ ተተክሎ የብራዚልን የጎማ ንግድ ጣለው።

ለእኛ ግን የጤፍ ነገር ይበልጥ ያስተምራል። በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ከኔዘርላንድ ሰዎች ጋራ ለምርምር ተስማምቶ 1440 ኪሎ የጤፍ ዘር ላከላቸው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር እነዚያው ሰዎች ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በአገራቸው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠየቁ። በ1997 ዓ.ም. ከዚሁ ወገን የሆነው ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋራ የጥቅም መካፈል ውል ተዋዋለ፤ በ1999 ዓ.ም. የአውሮፓ የባለቤትነት ወረቀት ተሰጠ፤ በ2001 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረ። ለኢትዮጵያ የደረሳት 4000 ዩሮ ያህል ብቻ ሲሆን፥ የባለቤትነቱ ወረቀት ግን ውሉ ወደማይዘው ወደ ሌላ ኩባንያ እጅ ተላለፈ።

መብት የተጠየቀበት ብልሃት ምን ነበር ቢባል፥ በአጭሩ ጤፉን ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንት አሳድሮ መፍጨት ነው። ይህን የሰማች የጎጃም ባልቴት ትስቅ ይሆናል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩ አዲስ ብልሃት የሌለበት ነው ብሎ ወረቀቱን ሻረው፤ ይኸውም ፍርድ የጸናው ለኔዘርላንድ ብቻ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አጥር የዘለለ ሰው የለም፤ ሁሉም በፊርማና በማኅተም ተፈጸመ። ስለዚህ ጥበቃችን የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታየኛል። አባቶቻችን የሚያውቁትን የዘር አመራረጥና የጎተራ አጠባበቅ በምስጢር ይዘን ሳንጽፈው እንቀራለን፤ ገና ያላለቀውን ሙከራና የዋጋውን ስምምነት ግን ለእንግዳ አክብሮት ስንል እንዘረዝራለን። የባለቤትነት ዳኛ የሚጠይቀው «ይህ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ ነበርን?» ብሎ ነውና፥ ቀንና ስፍራ ተጠቅሶ የተጻፈ መዝገብ ይመሰክርልናል፤ ያልተጻፈ ወሬ ግን ከባሕር ማዶ ችሎት ለመድረስ እጅግ ይቸገራል። በሙከራ ማሳ ላይ ያለ አዲስ ዘር፥ የገዢዎች ስም ዝርዝርና የውል ዋጋ ደግሞ ከሚሠራባቸው ሰው በቀር ለማንም ሊታዩ አይገባም።

ታዲያ በሩን ጨርሰን እንዝጋ የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። የጅጋ በቆሎና የቡሬ በርበሬ ራሳቸው ከአሜሪካ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ አያቶቻችን ዘር ባይቀበሉ ኖሮ ወጣችን ምን ይመስል ነበር? በሩ ይከፈት፤ ነገር ግን በረኛ ይኑረው።

በረኛውም ሕግ አለው። ስለ ብዝኃ ሕይወት ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998፥ እንዲህ ያለውን ሀብት ለመውሰድ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያዝ፥ የማኅበረሰቡም ስምምነት እንዲጠየቅ ያዝዛል። የመግቢያ ደብዳቤ ፈቃድ አይደለም፤ ከላይ ያለ ሹም በስልክ መናገሩም ፈቃድ አይደለም። ዘር ፈላጊ ከጽሕፈት ቤታችሁ ሲደርስ የፈቃዱን ግልባጭ አስቀሩ፤ የወሰደውን ዓይነት፥ ሚዛኑንና ዘሩ የተወሰደበትን ቀበሌ በመዝገብ ጻፉ። ፈቃዱን ካላሳየ በእንግድነቱ አክብራችሁ፥ ዘሩን ሳትሰጡ ወደ አዲስ አበባ መልሱት።