ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን



በሮቤ ከተማ ከሚገኙት ጋራዦች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ከሠራተኞቹ ጋር ጥቂት የተጫወተ ተማሪ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የኮምባይነር ሞተር ፈትተው ከሚያድሱት ልጆች መካከል፣ ስልኩን በዘይት ጣሳ ላይ አስደግፎ ከሩቅ አገር የተላለፈ ትምህርት የሚከታተል አይጠፋም። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ይናገራል። ልጁ ንግግሩን ትቶ የአስተማሪውን እጅ ብቻ ይመለከታል፤ ሲፈታ ይፈታል፣ ሲያጠብቅም ያጠብቃል። እጁ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ የሚያስረዳው ቃል ግን ያመልጠዋል። ትምህርቱን ቢጨርስ የምስክር ወረቀት አያገኝም፤ ቢያገኝም ወረቀቱን አይቶ ደመወዙን የሚጨምርለት የለም።

ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ልጅ ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ የቴክኒክ ትምህርት ሠራተኛውን ከረዳትነት ወደ ባለሙያነት፣ ከባለሙያነትም ወደ ኃላፊነት ያሸጋግረዋል ይባላል። እኛም ይህን እናምናለን። ነገር ግን ትምህርቱ ብቻውን ማንንም አያሸጋግርም። ሠራተኛው የሚለማመድበት መሣሪያ፣ ሲሰናከል የሚያነሣው የትምህርት ጓደኛ፣ ዕውቀቱንም መዝኖ የሚያጸድቅለት ማኅተም ያስፈልገዋል። እነዚህ ነገሮች በስልክ መስታወት ውስጥ አይገኙም፤ በሮቤና በጎባ መሬት ላይ ግን አሉ። የጎደለው የሚያገናኛቸው ሰው ነው። ይህም ሰው እኛ ተማሪዎች መሆን እንችላለን፤ መሆንም ይገባናል ባዮች ነን።

ጉዳዩ በባሌ ደጋ ለምን እንደሚብስ በመጀመሪያ እናስረዳ። የባሌ ደጋ ዓመቱን በሁለት አዝመራ ይከፍላል፤ ገናና ቦና። የገናው እህል በመጋቢት ገደማ ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ ይታጨዳል፤ የቦናው ደግሞ በነሐሴና በመስከረም ተዘርቶ በታኅሣሥና በጥር ይሰበሰባል። ስንዴውንና ገብሱን የሚያጭደው በአብዛኛው ኮምባይነር ነው። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች በዚህ ደጋ ሲስፋፉ መኪናውም የመኪናው ሙያም አብረው ገቡ፤ በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከልም ዘሩን እያሻሻለ ሲያወጣ ቆየ። ስለዚህ የባሌ ገበሬ ለመኪና እንግዳ አይደለም፤ የባሌ መካኒክም እንደዚሁ።

ሆኖም መኪናው ራሱ ተለውጧል። በቀድሞው ኮምባይነር ላይ ችግር ሲፈጠር መካኒኩ ቺንጋውን ይነካል፣ ወንፊቱን ይመለከታል፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ በጆሮውና በእጁ በሽታውን ያገኛል። አዲሱ መኪና ግን በሴንሰርና በቀጫጭን ሽቦ የተያያዘ ነው። ሲታመም አይጮኽም፤ በኦፕሬተሩ ፊት ባለው መስታወት ላይ ቁጥር ያወጣል። ያን ቁጥር ማንበብ፣ ከቁጥሩም ተነሥቶ የሽቦውን ሥዕል መከታተል፣ ብልሽቱ ከሴንሰሩ ይሁን ከሽቦው በመለኪያ መለየት የተማረ ሰው ሥራ ነው። ከሰባና ከሰማንያ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ሙያውን ከአባቱና ከአለቃው የወረሰ መካኒክ ይህን ሊወርስ አልቻለም፤ አለቃውም አያውቀውምና።

ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ በነሐሴ ወር ወደ እርሻው ይውጣ። የገናው እህል ደርሶ ዝናቡ በሚያስፈራራበት ሰዓት መኪናው ቢቆም ገበሬው በየቀኑ ይከስራል፤ የራሰ ስንዴ በዛላው ላይ ይበቅላልና። ባለመኪናው ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው አዲስ አበባ ባለሙያ ሊያስመጣ ይችላል፤ ግን የመንገዱን፣ የአልጋውንና የቀኑን ከፍሎ ነው። ሮቤ ውስጥ ቁጥሩን የሚያነብ አንድ ልጅ ቢኖር ኖሮ ገንዘቡ ለእርሱ በሆነ ነበር። የሥራ ዕድገት የምንለው ይኸው ነው፤ ትናንት መፍቻ ያቀብል የነበረ ልጅ ዛሬ ተጠርቶ ሲሄድ።

ታዲያ ትምህርቱ በስልኩ ላይ ሞልቶ ሳለ ልጁ ለምን አላደገም? መልሱን ለማግኘት ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ ወደማትርቀው ወደ ጎባ እንሻገር። በጎባ ሆስፒታል የሚሠሩ ነርሶችና አዋላጆችም በኢንተርኔት ይማራሉ። ነገር ግን የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት ማስቈጠር አለበት፤ ከዚህም ትምህርት ከፊሉ በኢንተርኔት ሊወሰድ የሚችል ነው። ነርሷ በተረኝነቷ ማግሥት ያነበበችው ትምህርት ይቈጠርላታል። ያነበበችውንም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ታየዋለች፤ ያልገባትን የምትጠይቀው ሐኪምም በአጠገቧ አለ። ሆስፒታሉ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነውና። እንግዲህ ነርሷና መካኒኩ የሚማሩበት መሣሪያ አንድ ዓይነት ስልክ ነው፤ ኔትወርኩም አንድ ነው። የእርሷ ትምህርት ፍሬ ሲሰጥ የእርሱ የሚባክነው በጭንቅላት መበላለጥ አይደለም። ለእርሷ መሬት ላይ የተዘረጋ ድልድይ አለ፤ ለእርሱ የለም።

ድልድይ የሌለው ትምህርት ምን እንደሚሆን ዓለም አይቶታል። ሀርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. የተባሉት ስመ ጥር የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለዓለም ሁሉ በነጻ የከፈቱትን የኢንተርኔት ትምህርት የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ ነበር። በ2017 እና በ2018 ከተመዘገቡት ሰዎች ትምህርቱን የጨረሱት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። ለምስክር ወረቀት ከከፈሉት መካከል ግን የጨረሱት ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። ትምህርቱ አንድ ነው። ልዩነቱ የመጣው ግዴታና ዓላማ ካለውና ከሌለው ሰው ነው። በሩ ተከፍቶ ወንበር ያልተዘጋጀበት ቤት እንግዳ አይቀመጥበትም።

በአገራችንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት የማሠልጠን ዕቅድ አስጀምሯል። የድረ ገጽ ፕሮግራም፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በነጻ ይሰጣል። ዕቅዱን አንነቅፍም፤ ከመካከላችንም የተጠቀሙበት አሉ። የምንለው ይህ ነው፤ የሥልጠናው ፍሬ በተመዘገበው ሰው ቍጥር አይለካም። ሠልጥኖ ወደ ሥራው ሲመለስ ምን ተለወጠለት? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከምናውቃቸው ሠራተኞች አንዱ በአንድ መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ጥገና ረዳት ነው። ከእንቅልፉ እየቆረሰ ወራት የፈጀበትን ትምህርት ጨርሶ ወረቀቱን አሳትሞ ለአለቃው አቀረበ። «ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» ተባለና ወረቀቱ መሳቢያ ገባ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ስልኩን ለኳስ ብቻ ይጠቀምበታል።

በአለቃው ብቻ መፍረድ ግን ቀላል ነው። አለቃውም የሚፈራው ነገር አለ፤ ወረቀት በዝቶ ሙያ ያነሰበትን ጊዜ አይቷል። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርት ጥራት ጎድሏል ብሎ በጠቅላላው እንዲቆም አዝዞ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቅድመ ሁኔታ እንዲቀጥል መፍቀዱ ይታወሳል። ነባሮቹ መካኒኮችም «ሙያ በእጅ እንጂ በመስታወት አይገኝም» ይሉናል። ግማሹን እውነት ተናግረዋል። መፍቻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው መቶ ትምህርት ቢመለከት ቡሎን ያላሽቃል። ነገር ግን ሥዕል ማንበብ የማያውቅ እጅም አዲሱን መኪና ሊያድነው አይችልም። ሁለቱ መጋባት አለባቸው።

መጋባታቸውን ሕግም አልከለከለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ዋና ሐሳብ፣ ሰው ሙያውን የት ተማረ ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል ተብሎ ይመዘን የሚል ነው። በጋራዥ የተማረም፣ በቤቱ የተማረም፣ በኮሌጅ የተማረም በብቃት ምዘና ቀርቦ ካለፈ ደረጃውን ያገኛል። ብዙ ሠራተኞች «ሲኦሲ» የኮሌጅ ተማሪ ፈተና ብቻ ይመስላቸዋል። ማኅተሙ ስለዚህ ያለ ነገር ነው፤ ልጁ ወደ ማኅተሙ የሚወስደውን መንገድ አላወቀም፤ የሚነግረውም አላገኘም።

በሩቅ መማር አዲስ ነገር እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገር ክፍት ዩኒቨርስቲ የተባለው ትምህርት ቤት በ1963 ዓ.ም. ሠራተኞችን በደብዳቤ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን ማስተማር ሲጀምር፣ ትምህርቱን አየር ላይ በትኖ አልተቀመጠም፤ በየአውራጃው አስጠኚ መድቦ፣ የመገናኛ ማዕከል ከፍቶ ነበር። በእኛም አገር በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ዛሬ ወደ ጠቅላይ ግዛት መውረድ አያስፈልገንም። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርስቲው ራሱ ወደ ሮቤ መጥቷል። ከግቢ ወጥቶ ጋራዥ ለመድረስ በባጃጅ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ያ ትውልድ ብዙ ቀን ተጉዞ የደረሰበትን ወገን እኛ በየቀኑ በመስኮት እያየነው እናልፋለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ከየካቲት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ብዙ ኮምባይነሮች ይቆማሉ። በዚህ ጊዜ በሮቤና በጎባ የማታና የቅዳሜ የጥናት ክበብ ይቋቋም። በአንድ ክበብ ከዐሥር የማይበልጡ ሠራተኞችና ሁለት ተማሪዎች ይበቃሉ። ትምህርቱን አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ቢያካፍል፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋም ጥናቱ አይቋረጥም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ በተዘጋ ጊዜ በእጃችን ያላስቀመጥነው ትምህርት የእኛ እንዳልሆነ ተምረናል።

ሁለተኛ፤ ትምህርቶቹ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ለእያንዳንዱ ትምህርት ዋና ዋና ቃላቱን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚፈታ አንድ ገጽ እናዘጋጅ። ይህን መጽሔት የሚያባዛው መኪና ያንንም ማባዛት አያቅተውም። ቃላቱንም ስንመርጥ ከመዝገበ ቃላት ብቻ አንቅዳ፤ መካኒኮቹ የሚሉትን እንጠይቃቸው። ለብዙው ዕቃ ስም አላቸው፤ የማናውቀው እኛ ነን።

ሦስተኛ፤ ክበቡ ሲጀመር የሚጠናው ትምህርት ከየትኛው የምዘና ደረጃ ጋር እንደሚገጥም አስቀድሞ ይታወቅ፤ ሲያልቅም ሠራተኞቹ በአንድነት ለምዘና ይቅረቡ። ዐሥር ሆኖ የሚቀርብ ሰው ብቻውን ከሚቀርብ ይልቅ አይፈራም።

አራተኛ፤ ባለጋራዦችና መሥሪያ ቤቶች ምዘናውን ላለፈ ሠራተኛ ምን እንደሚያደርጉለት አስቀድመው ቃል እንዲሰጡ እንጠይቃቸው። ጥቂት የደመወዝ ጭማሪም ቢሆን ዋጋ አለው። ቃል የሌለበት ትምህርት ምን እንደሚሆን ከዚያ ከመሳቢያው ወረቀት አይተናል።

«ተማሪው የራሱ ፈተና አለበት፤ ይህን ሁሉ መቼ ይሠራል?» የሚል ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው የምንለው። ደግሞም ጥቅሙ የሠራተኛው ብቻ አይደለም። ከመካከላችን የሽቦውን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳምሮ የሚሥል፣ ሽቦውን በመኪናው ላይ ግን አይቶት የማያውቅ ብዙ ነው። ልጁ ቃሉን ከእኛ ሲማር እኛ ደግሞ እጁን ከእርሱ እንማራለን። ሥራ ፍለጋ በምንወጣበት ቀን ይህ እንደሚጠቅመን ከእኛ በፊት የተመረቁትን ጠይቆ መረዳት ይቻላል።

አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ። የኢንተርኔቱ ትምህርት ለባሌ ሠራተኛ እስካሁን እንዲህ ያለች ላም ናት። ላሟ እውነተኛ ናት፤ ወተቷም ብዙ ነው። የሚቀረው ወደ በረቱ ማውረድ ነው።

የመጀመሪያውን ክበብ ከቦናው አጨዳ በኋላ፣ በየካቲት ወር ልንጀምር አስበናል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ሊሰጥ የሚፈቅድ ሁሉ ስሙንና የትምህርት ክፍሉን ጽፎ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ይስጠን።