የባለቤትነት ልክ

አማርኛ ለትዳር ጓደኛም ለንብረት ጌታም የሰጠው ስም አንድ ነው፤ ባለቤት። ቃሉን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልመረምረው ተጠቅሜበታለሁ። የመረመርኩት ባለፈው መስከረም፣ ከባለቤቴ ጋር የፈረንሳይን ምዕራባዊ የባሕር ጠረፍ ተከትለን ስንጓዝ ነው።

የተጓዝነው በተከራየናት የቤት መኪና ነው። እኛ አገር «የቤት መኪና» ሲባል ታክሲም የመንግሥትም ያልሆነ ማለት ነው፤ ይህችኛዋ ግን በእርግጥም ቤትም መኪናም ናት። አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያና የውሃ ታንከር አላት። የሌላት ነገር ቢኖር ቦታ ነው። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ እኔ እግሬን ሰብስቤ አልጋው ላይ እወጣለሁ፤ እኔ ጫማዬን ሳስር እሷ በር ከፍታ ትወርዳለች።

ስለ እንዲህ ዓይነት ጉዞ የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያወድሱት ነፃነትን ነው። በፈለጉበት ማደር፣ በፈለጉበት መንቃት፣ ለማንም አለመገዛት። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የቤት መኪና የሚያስተምረው ነፃነትን ሳይሆን ልክን ነው።

ይህን ለማወቅ ብዙ አልቆየንም። ጉዟችንን ከሞን ሳን ሚሼል፣ ባሕሩ በማዕበል ሙላትና ጉድለት መካከል ከ13 ሜትር በላይ ከሚወጣበትና ከሚወርድበት የባሕር ወሽመጥ ጀምረን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ብሪታኒ ገባን። በብዙ የባሕር ዳርቻ መኪና ማቆሚያዎች መግቢያ ላይ የብረት አግዳሚ ተጋድሟል፤ ትንሽ መኪና ያልፋል፣ የእኛን መሰል ረጅም መኪና ይመለሳል። አግዳሚ በሌለበትም ቢሆን ማቆም አንድ ነገር ነው፣ መስፈር ሌላ። በፈረንሳይ ሕግ በባሕር ዳርቻ ላይ መስፈር ክልክል ነው። መኪናህን በተፈቀደ ቦታ አቁመህ ውስጡ ብትተኛ ቆመሃል፤ ጠረጴዛና ወንበር አውጥተህ ዳስህን ከዘረጋህ ግን ሰፍረሃል።

በአራተኛው ቀን ምሽት ባለቤቴ ሁለት ወንበሮች አወጣች። ውሻቸውን ይዘው የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው ወንበሮቹን እንድናስገባ በትሕትና ነገሩን። እኔ ልከራከር ከጀለኝ፤ እሷ አጥፋ አስገባቻቸው። በዚያ ሌሊት ተኳረፍን። ለወንበር አልነበረም። ልጆቻችን ከቤት ከወጡ ወዲህ በመካከላችን ዝምታ ገብቶ ነበር፤ ጉዞውንም ያሰብኩት እኔው ነኝ፣ ጠባብ ቤት ያቀራርበናል ብዬ። ስሌቴ ስህተት ነበር። በሰፊ ቤት ውስጥ ኩርፊያም ማረፊያ ክፍል አለው። በቤት መኪና ውስጥ ግን ኩርፊያ ራሱ ሦስተኛ ሰው ሆኖ አብሮ ይተኛል።

በማግሥቱ ፕሉማናክ ከተባለች፣ ቋጥኞቿ ሮዝ ቀለም ካላቸው መንደር ስንደርስ ባለቤቴ ጃኬቷን አነሳች። «ወዴት ነው?» አልኳት። «ትንሽ ብቻዬን ልራመድ» አለችኝና ወረደች። በሩ ሲዘጋ የተሰማኝ ቁጣ ነው። ባለቤት ነኛ!

የሄደችበት መንገድ ታሪክ አለው። ፈረንሳዮች የጉምሩኮች መንገድ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1791፣ በአብዮቱ ዘመን፣ የጉምሩክ ዘበኞች ኮንትሮባንድ ነጋዴዎችን እንዲጠብቁበት የተጀመረ ነው። ጥበቃው ሲቀር ከፊሉ በቁጥቋጦ ተዋጠ፤ ከፊሉንም የጠረፉ ባለ መሬቶች አጠሩት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1976 የወጣ ሕግ ግን በባሕሩ ጠርዝ መሬት ያለው ሁሉ ለእግረኛ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ እንዲተው ደነገገ። ዛሬ ከሞን ሳን ሚሼል እስከ ሳን ናዜር 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር የሚያስኬደው መንገድ በአብዛኛው በዚሁ ጠርዝ ያልፋል።

የሕጉን ብልኅነት ልብ በሉ። መሬቱን ከባለቤቱ አልነጠቀም። መሬቱ የእርሱ፣ ቤቱም የእርሱ ሆኖ ይቀጥላል። የተጠየቀው ሦስት ሜትር ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ወደ ባሕሩ ሲሄድ ወዴት ነው ሳይባል የሚያልፍበት። እኔም ሚስቴን ባለቤቴ ብዬ ስጠራ ያቺን ሦስት ሜትር አጥሬባት እንደኖርኩ የገባኝ መኪናዋ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትመለስ ጫማዋ ረጥቦ ነበር። ሳልጠይቃት ያየችውን ሁሉ ትነግረኝ ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ደቡብ ወርደን ሱላክ ሱር ሜር ደረስን። እዚያ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከባሕሩ 200 ሜትር ያህል ርቆ የተሠራ፣ 78 መኖሪያዎች የነበሩት «ለ ሲኛል» የሚባል ሕንፃ ነበር። ባሕሩ አሸዋውን እየበላ ደጁ ደረሰ። ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲወጡ ተደረገ፤ ሕንፃውም በ2023 ፈረሰ። ማንም ሕግ ጥሶ የሠራው አልነበረም፤ የባሕሩን መንገድ በልኩ ያሰበለት ሰው ግን አልነበረም። ባሕር መተላለፊያ ካልተውለት ራሱ ያወጣል።

ስለዚህ እነዚያን የብረት አግዳሚዎች ዛሬ አልረግማቸውም። እኛ በቤት መኪና የምንዞር ሰዎች ምንም የለንም እያልን የባሕሩን ፊት በነጭ ግድግዳ ጋርደን እናድራለን፤ መንደርተኛው በመስኮቱ የሚያየው የእኛን ጀርባ ነው። የሰው ልክ ካልጠበቅን አግዳሚው ይገባናል። ትዳርም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። መቀራረብ ጥሩ ነው፤ ግን ፍቅርን የሚያኖረው አጥር ሳይሆን የተተወ መተላለፊያ ነው።

በመጨረሻው ጠዋት ባለቤቴ ቡናውን ስትጥድ እንደ ልማዴ አልጋው ላይ አልወጣሁም። በሩን ከፍቼ ወረድኩና ወደ ባሕሩ ሄድኩ። ቡናው ሲደርስ ጠራችኝ።