ዕዳ የማያውቅ መንኮራኩር

በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር፣ በሞንቴ ካርሎ የታወቀ የቁማር አዳራሽ ውስጥ፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 12 ቀን 1905 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን ኦገስት 18 ቀን 1913 ማታ፣ ከሩሌት ጠረጴዛዎች በአንደኛው ላይ ኳሷ በጥቁር ቤት እየደጋገመች ማረፍ ጀመረች። ጥቁር ዐሥር ጊዜ፣ ዐሥራ አምስት ጊዜ ሲደጋገም በዙሪያው የተሰበሰበው ሰው «እንግዲህስ ተራው የቀይ ነው» እያለ ገንዘቡን በቀይ ላይ ይቆልል ነበር፤ ጥቁር ግን 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጥቶ እስኪያበቃ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር ፍራንክ ወደ ቤቱ ካዝና ገባ።

ስለዚያች ሌሊት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የተጫዋቾቹን አላዋቂነት ለመዝለፍ ይቸኩላሉ። እኔ በበኩሌ ያሳታቸው፣ የፍትሕን ስሜት ከማይገባው ስፍራ ማዋላቸው ይመስለኛል። የሰው ልጅ በልቡናው የተጻፈ የርትዕ ሕግ አለውና የተጓደለው እንዲሟላ፣ የተበደለው እንዲካስ፣ ብዙ የጠገበው ለተራበው ተራውን እንዲለቅ ይጠብቃል፤ ይህ ጥበቃ በሸንጎና በጉርብትና መካከል የተቀደሰ ሆኖ ሳለ፣ ኅሊናም ትዝታም በሌለው መንኮራኩር ፊት ሲቀርብ ግን ወደ ባዕድ አምልኮ ይለወጣል። ፈረንሳዊው ሊቅ ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው ድርሰት፣ ወንድ ልጅ አጥብቀው የሚመኙ አባቶች ልጃቸው በሚወለድበት ወር ብዙ ወንዶች ተወለዱ ሲባል ይከፉ እንደ ነበር ይተርካል፤ የወንዶቹ ድርሻ አልቆ ለእነርሱ ሴት ብቻ የምትቀር መስሏቸው ነበርና። ቀይን በሚጠብቀው ቁማርተኛና በእነዚህ አባቶች መካከል የእምነት ልዩነት የለም።

የመንኮራኩሩ ነገር ግን እንዲህ ነው። በአውሮፓው ሩሌት ዙሪያ 37 ቤቶች አሉ፤ 18ቱ ቀይ፣ 18ቱ ጥቁር፣ አንዷ ዜሮ የተጻፈባት አረንጓዴ ናት። ስለዚህ ጥቁር የመውጣቱ ዕድል በየዙሩ ከ37 እጅ 18ቱ ነው፤ ከመጀመሪያው ጥቁር በፊትም ይኸው ነበር፣ ከ25ኛው በኋላም ይኸው ነው። ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ይወጣ እንደ ሆነ ገና ኳሷ ሳትወረወር ቢጠየቅ፣ ከ136 ሚሊዮን አንድ ጊዜ ያህል የሚደርስ ብርቅ ነው፤ 25ቱ ከወጡ በኋላ ግን የቀረው አንድ ውርወራ ብቻ ስለ ሆነ ብርቅነቱ ሁሉ አልፏል፤ ተጫዋቹ ግን ያለፈውን ብርቅ ለሚመጣው ዋስ አድርጎ ይጠራዋል። በአንድ ቁጥር ላይ አስይዞ የረታ ሰው የሚከፈለው ያስያዘውን 35 እጥፍ ሲሆን ትክክለኛው ዋጋ 36 በሆነ ነበር፤ ከዚህች ጉድለት የተነሣ ቤቱ ከተያዘው ከየ100 ፍራንኩ በአማካይ 2.70 ያስቀራል፤ ሁለት ዜሮ ባለው በአሜሪካው መንኮራኩር ደግሞ 5.26። «በተረታሁ ቁጥር እጥፍ አስይዛለሁ» የሚለው የቆየ ዘዴም ከዚህ አያድንም፤ በአንድ ፍራንክ የጀመረ ሰው ዐሥር ጊዜ ተከታትሎ ቢረታ 1,023 ፍራንክ አስረክቦ ለ11ኛው ዙር 1,024 ማቅረብ ይኖርበታል፤ ይህ ሁሉ መከራ አንዲት ፍራንክ ለማትረፍ መሆኑ ነው።

ከ1 እስከ 36 ያሉት የሩሌት ቁጥሮች ሲደመሩ በዮሐንስ ራእይ የአውሬው ቁጥር የተባለውን 666 ስለሚሰጡ፣ የሞንቴ ካርሎን ቁማር ቤት ያቀናው ፍራንስዋ ብላን ነፍሱን ለዲያብሎስ ሽጦ ምሥጢሩን ገዛ የሚል ወሬ ይነገራል። ብላን እ.ኤ.አ. በ1863 ወደ ሞናኮ ከመምጣቱ በፊት በጀርመን አገር በሆምቡርግ ባለ አንድ ዜሮውን ሩሌት ያስለመደ ብልህ ነጋዴ ነበርና፣ ከብዙ ዙር የሚለቀም ጥቂት ትርፍ ምን ያህል ሀብት እንደሚያከማች ያውቃል፤ ለዚህ ደግሞ የዲያብሎስ ርዳታ የሚያሻው አይመስለኝም።

ቅሬታዬ ከተጫዋቹ ይልቅ በቤቱ ላይ ነው። ቁማር ቤቶች ያለፉትን ቁጥሮች መመዝገቢያ ካርድና እርሳስ ለእንግዳው ሲያድሉ ኖረው፣ ዛሬ ደግሞ ቁጥሮቹ በብርሃን የሚነበቡበት ሰሌዳ በየጠረጴዛው አጠገብ አቁመዋል፤ ሰሌዳውን አተኩሮ የሚመረምረውም ሰው ስሙን ከእናቱ ስም ጋር አስቆጥሮ በዐውደ ነገሥት ዕጣ ፈንታውን ከሚያስነብብ ሰው አይለይም። ያ ዕውቀት ተጫዋቹን አንዳች የሚጠቅመው ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው በማግሥቱ በወረደ ነበር። ጆሴፍ ጃገር የተባለው የዮርክሻየር ሰው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የሞንቴ ካርሎን ቁጥሮች አስመዝግቦ፣ አንደኛው መንኮራኩር በአሠራሩ ጉድለት ወደ አንዳንድ ቁጥሮች እንደሚያዘነብል ደርሶበት ብዙ ገንዘብ መውሰድ በጀመረ ጊዜ፣ ቤቱ መንኮራኩሮቹን ለዋወጠበት እንጂ ካርድና እርሳስ አልጨመረለትም።

እንግዲህ ቁማርን ፈቅዶ ግብሩን የሚሰበስብ መንግሥት ሁሉ ያንን ሰሌዳ ያስወርድ፤ በስፍራውም ቤቱ ከየመቶው የሚያስቀረው ሒሳብ በጉልህ ይጻፍ እላለሁ። ለዐቅመ አዳም የደረሰ ሰው በገንዘቡ ያዛል የሚሉኝን አልቃወምም፤ ነገር ግን የሚያዝበትን እውነት አስቀድሞ ሊነግሩት ይገባል። ከቁማሩ ገቢ የተነሣ ልዑል ሻርል 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1869 ከሕዝቡ ላይ ግብር ያነሡላት ሞናኮ ራሷ፣ የገዛ ዜጎቿ በዚያ አዳራሽ እንዳይጫወቱ በሕግ ከልክላለች፤ ለልጆቿ ብላ ያወቀችውን ለእንግዶቿም በሰሌዳ ላይ ብትጽፈው ግፍ የሚሆንባት አይመስለኝም።