ባዶ እጁን የወጣውን ማን ቆጠረው?

የዚህ እትም ጉዳይ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ምዘና ነው። በውሰት የወጣ መጽሐፍ፣ በበሩ የገባ አንባቢ ይቆጠራል፤ ለሪፖርትም ይመቻል። የፈለገውን አጥቶ የወጣው ግን ብዙ ጊዜ መዝገብ ላይ የለም።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ለምሳሌ እንውሰድ። በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ላይም የግብርና ካምፓስ አለው። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ወልድያ በተያዘችባቸው ወራት ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል፣ ንብረቱም ወድሟል። ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ የውሰት ቁጥር ቢያሽቆለቁል ጥፋቱ የማን ይባላል? የተማሪው? የሠራተኛው? ወይስ የመደርደሪያው? ቁጥር ብቻውን ይህን አይመልስም፤ ተማሪውን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር ግድ ነው።

ተጠቃሚን ለመጠየቅ በዓለም የታወቀው የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት መመዘኛ፣ የሊብኳል መጠይቅ፣ በ22 ጥያቄዎቹ እያንዳንዱን አገልግሎት በሦስት ወገን ያስመዝናል፦ ቢያንስ የሚበቃኝ፣ የምመኘው፣ ያገኘሁት። ብልህ ዘዴ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ የተሻለ ቤተ መጻሕፍት አይቶ የማያውቅ ተማሪ ምኞቱም አጭር መሆኑ ነው፤ አጭር ምኞት ደግሞ ለደካማ አገልግሎት ጥሩ ነጥብ ያሰጣል።

በወልድያም በመርሳም ያላችሁ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ ከቁጥሩ ጎን ከተማሪ አፍ የሰማችሁትን ጻፉልን።