ስለ አቤት ባይ ሠራተኛ

በአገራችን «አቤት!» ማለት የቆየ ልማድ ነው። በደል የደረሰበት ሰው ከንጉሥ አደባባይ እስከ ጭቃ ሹም ደጅ ድረስ ቆሞ ይጮህ ነበር፤ ሰሚው ቢያዘገይበትም፥ ፍርዱ ቢጣመምበትም፥ በመጮኹ ብቻ አይነወርም ነበር። በአንዳንድ አነስተኛ የሕንፃና የመንገድ ሥራ ላይ የምናየው ግን ከዚህ የባሰ ነው። ሠራተኛው «ሒሳቤ ጐደለ» ባለ ጊዜ፥ መጕደል አለመጕደሉ ሳይመረመር እርሱ ራሱ «ነገረኛ» ይባላል፤ በማግሥቱም ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። በወጣትነቴ ከመካነ ሰላም ከተማ በማይርቅ ስፍራ፥ ስሙን ለመጥራት በማልፈልገው በአንድ ተቋራጭ ዘንድ፥ የቀን ሠራተኞችን መዝገብ ይዤ ሠርቻለሁ። ሠራተኞቹ የሚበዙት ገበሬዎች ነበሩ። ከአማራ ሳይንት፥ ከወግዲ፥ ከለጋምቦ መኸራቸውን ሰብስበው፥ ለማዳበሪያ ዕዳ ወይም ለልጅ ደብተር የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ይመጣሉ፤ ድንጋይ ይጠርባሉ፥ አሸዋ በባሬላ ይሸከማሉ፥ አርማታ ያቦካሉ። ቀናቸውን የሚቈጥረው ካቦው ነው፤ እኔ የነገረኝን እጽፋለሁ። የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው ካቦው ነው፤ በካቦው ላይ የሚቀርበውንም አቤቱታ የሚሰማው ያው ካቦው ነው! ባለቤቱ ደሴ ይኖራል፤ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፥ ከፍሎም ይመለሳል።

አንድ ቀን በክፍያ ሰዓት በዕድሜው ጠና ያለ ሰው ወደ እኔ ቀርቦ «ልጄ፥ ሦስት ቀኔን የት አደረስኸው?» አለኝ። መዝገቡን ብገልጠው አሥራ ሁለት ሊሆን የሚገባው ዘጠኝ ሆኖ አገኘሁት። ሦስቱን ቀን ካቦው ራሱ ወደ ድንጋዩ ካባ ልኮት ነበር፤ በካባው ላይ ስም የሚጠራ አልነበረም። ሲሄድም ሲመለስም በዓይኔ አይቼዋለሁ። «አያ፥ ለካቦው ይንገሩት» አልሁት። ነገረው። ካቦውም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ያልተስማማው ይሂድ፤ በር ላይ ሃያ ሰው ቆሟል!» አለ። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ወደ መሬት ተመለከቱ። ሰኞ ጧት የዚያ ሰው ስም አልተጠራም። እኔም ያየሁትን እያወቅሁ ዝም አልሁ።

የዚህ ዓይነት ተቋራጮች አንድ የሚወዱት ቃል አለ፤ «እኛ ትንሽ ነን፥ ቤተሰብ ነን፥ የአቤቱታ ሥነ ሥርዓት ለትልቅ ድርጅት ነው» ይላሉ። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። በትልቁ ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር አለ፥ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል አለ፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይንኳኳል። በትንሹ ድርጅት ያለው አንድ በር ነው፤ እርሱንም የያዘው የተከሰሰው ሰው ነው። በወሎ በደም የሚፈላለጉ ሰዎች እንኳ በአበጋር ፊት ሲቀርቡ፥ ገዳዩ ራሱ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። የሦስት ቀን ሒሳብ ከደም ነገር ያነሰ መስሏቸው ከሆነ፥ ያነሰውን በቀላሉ ማየት እንዴት አቃታቸው?

«ሠራተኛም ይዋሻል» ይባላል። እውነት ነው፥ ይዋሻል። ሁለት ቀን ገበያ ውሎ ሙሉ ሒሳብ የጠየቀ ሰው አውቃለሁ። ነገር ግን ውሸታሙን የሚረታው በትክክል የተያዘ መዝገብ ነው፤ ማባረር እውነተኛውንና ውሸታሙን አንድ ላይ ይጠርጋል እንጂ አይለይም። ደግሞም አፉ የተዘጋ ሠራተኛ በእጁ ይናገራል። ስሚንቶው ከመጋዘን ይጐድላል፤ ድንጋዩ ሳይያያዝ ይደረደራል፤ ጥሩው ግንበኛ ሳይሰናበት ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ግንቡ ለምን እንደ ተሰነጠቀ ይገረማል።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተቋቋመው በ1955 ዓ. ም. ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 የወጣው በ1956 ዓ. ም. ነው። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011፥ ከእርሱ በፊት እንደ ነበረው እንደ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ሁሉ፥ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ከሥራ ለመሰናበት ምክንያት አይሆንም ይላል። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ፥ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ነገር የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ይሰጠዋል። ውሉ ሲቋረጥ የሚገባው ገንዘብ በ7 የሥራ ቀን ይከፈለዋል። ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኞች ይበቃሉ፤ ከ10 ያነሱ ባሉበት ድርጅት የሚሠሩትም ከሌሎች ጋር ሆነው 10 ከሞሉ ጠቅላላ ማኅበር ሊመሠርቱ ይችላሉ። ነገር ግን ሕጉ የሚተኛውን አይጠብቅም፤ ወደ ሥራ ለመመለስ 3 ወር፥ ላልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ 6 ወር ካለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል። በዚያ ካባ አጠገብ ይህን የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለሠራተኛው አንዲት ትንሽ ደብተር ስጡት፤ የዋለበትን ቀን በየማታው ጻፉለት፥ ፈርሙለትም። ባለቤቱ ለክፍያ በመጣ ቀን፥ ገንዘብ ከመቍጠሩ በፊት አቤቱታ ይስማ፤ ካቦው እንደ ማንኛውም ሰው ቆሞ ይመልስ፤ ሠራተኞቹ የመረጧቸው ሁለት ሰዎችም አብረው ይቀመጡ። የተሰጠው መልስ ይጻፍ።

አሁን በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። ከዚያ የምትወጡ ወጣቶች ነገ ሥራ ተቈጣጣሪ፥ መሐንዲስ፥ መዝገብ ያዥ ትሆናላችሁ። ብዕሩ በእጃችሁ ሳለ «እኔ የታዘዝሁትን ጻፍሁ» የምትሉ ከሆነ ያንን ቃል እኔ ቀድሜአችሁ ብየዋለሁ፤ አላሳረፈኝም።

ያንን ሰው ከዓመታት በኋላ በገበያ ቀን አገኘሁት። ሁለት በግ ይዞ ቆሞ ነበር። አወቀኝ። «ደኅና ነህ ወይ ልጄ?» ብሎ እጄን ያዘ፥ ስለ እናቴም ጠየቀኝ። ሦስቱን ቀን አላነሣብኝም፤ እኔም አላነሣሁለትም።