ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

አውቶሞቢል ያለዎት እንደ ሆነ፥ ወይም ዕቁብ ሲደርስዎ አንዲት አሮጌ ቪትዝ ለመግዛት የሚያስቡ እንደ ሆነ፥ የዛሬው ጉዳያችን ኪስዎን የሚነካ ነው። ከመካኒክ አፍ ከሚወጣው ቃል ሁሉ የደመወዝተኛን ልብ የሚያስደነግጠው «ካምቢዮው መውረድ አለበት» የሚለው ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ አውርዶ ማስፈታት የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል፤ ከተፈታም በኋላ እንደ ቀድሞው ሆኖ መመለሱ አያስተማምንም። ፍርዱ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የዘይቱ መለኪያ እንኳ ሳይመዘዝ ሲፈረድ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። እኔ የምቃወመው ይህንኑ ነው።

ነገሩም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከበድ ብሏል። በዚያ ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በመከልከሉ፥ በእጃችን ያሉትን አሮጌዎች አስታሞ መያዝ የግድ ሆነ። (የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ ባለ አንድ ማርሽ ስለሆኑ ይህ ጣጣ የለባቸውም። የእነርሱን ጣጣ ሌላ ሳምንት እናነሣዋለን።)

በማኑዋል መኪና ፍሪሲዮን የሚረግጠው እግርዎ፥ ማርሽ የሚያስገባው እጅዎ ነው። በአውቶማቲኩ ግን ይህን የሚሠራው ዘይት ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ እ.ኤ.አ. ለ1940ው ኦልድስሞቢል ካወጣ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ዛሬ ማርሹ መቼ ይለወጥ ብሎ የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ትእዛዙን የሚፈጽመው ግን አሁንም ያው ዘይት ነው። ፓምፑ ይገፋዋል፤ ሶሌኖይድ የሚባሉት በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ በሮች መንገዱን ይመሩታል፤ እርሱም በግፊቱ የፍሪሲዮን ሸራዎችን አጣብቆ ማርሹን ያስይዛል። ያበርዳል፥ ያለሰልሳልም። እንግዲህ ዘይቱ የጎደለ ወይም የተበላሸ እንደ ሆነ ካምቢዮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሽተኛ ይመስላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ያዘጋጁ። መኪናውን ሩብ ሰዓት ያህል ነድተው ካሞቁ በኋላ ሜዳ ላይ ያቁሙት፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ። ሞተሩ እየሠራ፥ የእግር ፍሬኑን ረግጠው የማርሽ ዘንጉን ከፒ ጀምረው በየቦታው ጥቂት ጥቂት እያሳረፉ ያዙሩትና ወደ ፒ ይመልሱት። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው፥ ሞተሩን ሳያጠፉ፥ የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ መዝዘው ይጥረጉት፤ መልሰው ከተው እንደ ገና ያውጡት። የሚያነቡት ሙቅ ከሚለው ምልክት ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የሚለካው የሞተር ዘይት ነው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ብዙ ነው። ሆንዳ የያዙ ግን የካምቢዮውንም የሚለኩት ሞተሩን አጥፍተው ስለሆነ መጽሐፉን ይመልከቱ። መለኪያ ዘንግ ጭራሹን የሌላቸው አዳዲስ መኪናዎችም አሉ። የእነዚህ ዘይት በተወሰነ ሙቀት ከሥር ባለው ቡሎን በኩል ስለሚለካ፥ ሥራው የጋራዥ ነው።

የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ አያልቅም። ጎድሎ ካገኙት ፈሷል ማለት ነውና ከመሙላትዎ በፊት የሚያንጠባጥብበትን ይፈልጉ፤ ሌሊት ከሥሩ የተነጠፈ ካርቶን ጠዋት ቦታውን ያሳያል። ከልክ በላይ መሙላትም ያው ጉዳት ነው፤ ትርፉ ዘይት ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ተመትቶ አረፋ ይሆናል፥ አረፋ ደግሞ ሸራ አያጣብቅም።

ጨርቁ ላይ ያለውን ጠብታ ብርሃን ላይ አውጥተው ይዩት፥ ያሽትቱትም። የብዙዎቹ መኪናዎች ዘይት አዲስ ሳለ ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ቡናማ ይሆናል፥ ይህም የመለወጫው ጊዜ እንደ ደረሰ የሚያስታውቅ እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ግን ሸራዎቹ ተቃጥለዋል፤ ያን ጊዜ መካኒኩ አውርዱ ቢል አይፍረዱበት። ወተት እንደ ተጨመረበት ደፍርሶ ሮዝ መልክ ካሳየ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ ያን ቀን አይንዱት።

የዘይቱን ዓይነት በተመለከተ «ሁሉም አንድ ነው» የሚልዎትን ሰው አይመኑት። በከተማችን ከሚታዩት ቪትዞች ገሚሶቹ ባለ አራት ማርሽ ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ማርሽ በሌለው፥ ሲቪቲ በሚባለው ባለ ቀበቶ ካምቢዮ የሚሄዱ ናቸው። የአንዱ ዘይት ለሌላው መርዝ ነው። በመለኪያው ዘንግ ወይም በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈውን ዓይነት ቀድተው ለሻጩ ያሳዩ። ደግሞም ዘይቱ ከሥር ሲለቀቅ ሁሉም አይወጣም፤ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያም የሚበልጠው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የወጣውን ለክቶ ያንኑ ያህል መመለስ እንጂ በግምት መቅዳት አይገባም።

ዘይቱ ደኅና ከሆነና ሕመሙ ካልተወ፥ አንድ ትንሽ ደብተር ይያዙና ለሳምንት ይመዝግቡ። መካኒኩን የሚረዳው «ማርሹ አስቸገረኝ» የሚል ሮሮ ሳይሆን መቼና እንዴት የሚል ቃል ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ዘንጉን ወደ ዲ ወይም ወደ አር ሲያስገቡ መኪናው እስኪይዝ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? አንድ ሰከንድ ያህል ደንብ ነው፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ ደክሟል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሸራው ይንሸራተታል ማለት ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲል ብቻ የሚመታ ከሆነ ጥፋቱ በአንድ ሶሌኖይድ ወይም በአንድ ሸራ ዙሪያ ሊሆን ይችላል፤ በሁሉም ማርሽ የሚመታ ከሆነ ግን የዘይቱን ግፊት መጠርጠር ይሻላል።

በሽታ ያልሆነውንም ይለዩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን ወይም የበለጠውን ያጣል። እንግዲህ አራት ሰው ጭና ወደ እንጦጦ የምትወጣ ትንሽ መኪና ሦስተኛና ሁለተኛ ስትመላለስ ቢያዩ ካምቢዮዋ ታሟል አይበሉ፤ ዘንጉን 2 ላይ ቢያደርጉላት ዕረፍት ታገኛለች። ከጎሓ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ሲወርዱም እንዲሁ ያድርጉ፤ የሞተሩ ጩኸት አያስፈራዎ።

ካምቢዮ ያልሆነ ሕመም በካምቢዮ ስም የሚታከምበትም ጊዜ አለ። ሞተሩን የተሸከሙት ጎማዎች ሲሰበሩ አር ላይ ሲገባ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። ካንዴላ ሲደክም ዳገት ላይ መኪናው ይርገፈገፋል። ዘንጉ ከፒ አልወጣም ካለ ደግሞ የሰፈር ልጅ ከኋላ አቁመው ፍሬን ይርገጡ፤ የፍሬኑ መብራት ካልበራ ጥፋቱ ከፔዳሉ በላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ወይም ፊውዝ ነው፥ ዋጋውም ከካምቢዮ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

መኪናው በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፥ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር አይቶ ካምቢዮውን ለማዳን ሌሎቹን ማርሾች ዘግቷል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቁልፍ ሳይሆን የኮምፒውተር ማንበቢያ ነው። የሚወጣውን ቁጥር ራስዎ ይጻፉት። ፒ 0700 ብቻውን የሚለው «ካምቢዮው የሚናገረው አለ» ነው፤ አብሮት የወጣውን ይጠይቁ። ፒ 0715 ለምሳሌ ፍጥነት የምትቆጥር መሣሪያን ወይም ሽቦዋን የሚያመለክት ሲሆን፥ እርስዋ በብዙ መኪናዎች ካምቢዮው ሳይወርድ ትለወጣለች።

ይህ ሁሉ ታይቶ መኪናው ወደ ጋራዥ መሄዱ ካልቀረ፥ በገመድ አያስጎትቱት። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ስለሚቆም፥ ጎማው እየዞረ ዘይት የማያገኘው ካምቢዮ በመንገድ ላይ ያልቃል። ቪትዝና መሰሎቿ የሚሳቡት በፊት ጎማ ነውና የፊቱ ተነሥቶ፥ የሚሻለውም ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ይሂድ።