የኮምፒዩተር ጨዋታ መሥራት ለሚሻ ልጅና ለወላጆቹ



ትምህርቱን ፈጽሞ ዲግሪውን የተቀበለ ልጅ ቀኑን ሙሉ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሲታይ፤ ወላጆቹ «ይህ ልጅ ሥራ የሚይዘው መቼ ነው?» ብለው ቢጨነቁ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ልጁም «ሥራ እየፈለግሁ ነው» ቢል ሐሰት ተናገረ አይባልም። ስለዚህ ጨዋታ በሚሠሩ ድርጅቶች ዘንድ የመጀመሪያ ሥራ ስለ መፈለግ የተረዳነውን፤ ለወላጅም ለልጅም ይጠቅም ዘንድ ልናቀርብ ወደድን።

በመጀመሪያ መታወቅ የሚገባው የበሩ መጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ማይክሮሶፍት ከጨዋታ ክፍሉ 1,900፤ ዩኒቲ የተባለውም ድርጅት 1,800 ያህል ሠራተኞችን እንደሚያሰናብቱ አስታወቁ። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ሥራ ፍለጋ ሲወጡ ጀማሪው ከእነርሱ ጋር ተሰልፎ ይቆማል። እንግዲህ ማመልከቻው ደጋግሞ ቢመለስ የስንፍና ምልክት ነው ብሎ መፍረድ አይገባም።

ሁለተኛው ትምህርት፤ ቀጣሪዎች ከዲግሪው ይልቅ የእጅ ሥራውን ማየት መፈለጋቸው ነው። በዚህ ሙያ አንዱ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ሌላው ሥዕል ይሥላል፤ ሌላው የጨዋታውን ሕግ ያቅዳል፤ ሌላው ድምፁን ያቀናብራል፤ ሌላውም እየተጫወተ ጉድለቱን ይመረምራል። ስለዚህ «ሁሉን አውቃለሁ» ከማለት አንዱን ዘርፍ መርጦ መቅረብ ይሻላል። ተጀምሮ ከቀረ ትልቅ ጨዋታም ይልቅ፤ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ግን ያለ እንከን የሚሠራ ትንሽ ጨዋታ ይመሰክራል። ለመለማመጃ የሚሆኑት ጎዶትና ብሌንደር የተባሉት መሣሪያዎች በነፃ ይገኛሉ። ከ2009 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች በሚደረገው ግሎባል ጌም ጃምም ወጣቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ በኅብረት አንድ ጨዋታ ሠርተው ለመጨረስ ይተጋሉ፤ ከሰው ጋር መሥራትም የሚለመደው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት የኑሮ ነገር ነው። አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን በ2011 በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ባጣ ጊዜ፤ ሙያውን ለማሻሻል ብሎ አንድ የእርሻ ጨዋታ ብቻውን መሥራት ጀመረ። በሲያትል ከተማ በአንድ ቲያትር ቤት ተመልካቾችን እያስተናገደ ከአራት ዓመት በላይ ደከመ። «ስታርዲው ቫሊ» የተባለው ይህ ሥራው በየካቲት 2016 ወጣ፤ እስከ 2024 መጨረሻም ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ይህን የመሰለ ዕድል ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ስለ ሆነ እንደ ተስፋ ቃል አንቆጥረውም። ልንማርበት የሚገባው ግን፤ ሰውዬው ሌላ ሥራ መያዙን እንደ ውርደት አለመቁጠሩንና የጀመረውን መፈጸሙን ነው። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ከባለቤቷ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ» የተባለ ጨዋታ ማውጣቱ፤ ሙያው ከእኛ የራቀ አለመሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ሆናችሁ ተቀምጣችሁ ተመካከሩ። ልጁ እስከ መቼ እንደሚሞክር፤ እስከዚያውም ቤቱን በምን እንደሚረዳ ቀን ቆርጣችሁ ተስማሙ። ሥራ አስገባሃለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቀውን ሁሉ ከደጃችሁ መልሱ።

ወላጆችም በየማታው «ሥራ አገኘህ?» ብላችሁ ከመጠየቅ፤ በየወሩ «ምን ጨረስህ? እስቲ አሳየን» በሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ የሁለተኛው ግን በልጃችሁ እጅ ነውና።